ከልደታ እስከ አቡሴራ፤ የአዲስ አበባ የአይሮፕላን ማረፊያና መንገዱ

የአዲስ አበባን ዕድገት የጻፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ከእንጦጦ፥ ከፍል ውሃና ከቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ይጀምራሉ። ከተማዋ በመኳንንቱ ሰፈሮች ዙሪያ እንደ ተመሠረተች፥ ምድር ባቡርም በ1909 ዓ.ም. በደረሰ ጊዜ ወደ ለገሐር፥ ማለት ወደ ደቡብ እንደ ተሳበች ይነግሩናል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ ልንመለከት የፈለግነው ከዚያ በኋላ የመጣውንና ከባቡሩ ይልቅ ብዙ ያልተጻፈለትን ነገር፥ የአይሮፕላን ማረፊያን ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ናቸው።

ማረፊያ በታቀደ ቍጥር በመጀመሪያ የሚጠየቀው የማኰብኰቢያው ርዝመት ነው። ቀጥሎ የሕንፃው ስፋት፥ ከዚያም የመንገደኞቹ ቍጥር ይመጣል። ከከተማው ወደ ማረፊያው የሚወስደው መንገድ የሚነሣው በመጨረሻ ነው፤ እሱም እንደ አንድ ቀላል አባሪ። የእኛ አስተያየት ይህ ቅደም ተከተል ነገሩን ገልብጦ ያሳያል የሚል ነው። ልደታን የለቀቅነው አይሮፕላኑ ስላደገ ነው፤ ቦሌን ለመልቀቅ የምንሰናዳው ግን ከተማው ስለ ከበበው ነው፤ ከተማውንም እጁን ይዞ ወደዚያ የመራው የማረፊያው መንገድ ራሱ ነው።

አይሮፕላን ለመጀመሪያ ጊዜ አዲስ አበባ ላይ ያረፈው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። ከፈረንሳይ አገር የተገዛ ፖቴዝ የተባለ ዓይነት ነበር። በዚያን ዘመን ማረፊያ ማለት ድንጋዩ የተለቀመለት ሰፊ ሜዳ ማለት ስለ ነበር፥ ስለ ዕቅድ መናገር አያስፈልግም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፥ ጣልያን አገራችንን እስከ ወረረ ድረስ፥ የንጉሠ ነገሥቱ አይሮፕላኖች የሚያርፉት ከከተማው በስተ ደቡብ ባለው በአቃቂ ሜዳ ነበር። አቃቂ ከምድር ባቡሩ መሥመር ላይ ነበረችና ዕቃም ሰውም ለማመላለስ ችግር አልነበረም። ይህን ነጥብ አንባቢው በልቡ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ በኋላ እንመለስበታለንና።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ መጋቢት 30 ቀንም በዚያው ዓመት የመጀመሪያውን መደበኛ በረራ ከአዲስ አበባ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ። አስተዳደሩና ሙያው የቲ.ደብልዩ.ኤ. የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነበር፤ አይሮፕላኖቹም ከጦርነቱ የተረፉ ሲ-47 የተባሉት ናቸው። ማረፊያው ልደታ ነበር። ልደታ ከመሐል ከተማው ቅርብ ነው፤ አይሮፕላኖቹም ትንንሾች ስለ ነበሩ ለጊዜው ሁሉም ተስማማ። እንዲያውም በዚያን ጊዜ በአገሪቱ ውስጥ አይሮፕላን ከመንገድ ቀድሞ ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም። የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን የተቋቋመው በ1943 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት የጅማ ቡና በክረምት በጭቃ ከሚጎተት ይልቅ በአይሮፕላን ተጭኖ የሚመጣበት ጊዜ ነበር። ከተማውን ከጠቅላይ ግዛቱ ጋራ የሚያገናኝ መንገድ ሳይኖር ከካይሮ ጋራ የሚያገናኝ አይሮፕላን መኖሩ የሚያስገርም ቢሆንም የታሪካችን እውነት ነው።

አየር መንገዱ ግን አልቆመም። ከሲ-47 ቀጥሎ ኮንቬየር፥ ከኮንቬየር ቀጥሎ ዲሲ-6ቢ መጣ፤ በ1950 ዓ.ም. በረራው ፍራንክፈርት ደረሰ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሁለት ቦይንግ 720ቢ የተባሉ የጀት አይሮፕላኖች እንዲገዙ በታዘዘ ጊዜ ልደታ እንደማይበቃ ግልጽ ሆነ። ማኰብኰቢያው ለጀት አጭር ነበር።

እዚህ ላይ ጥቂት ብንዘገይ ይጠቅማል፤ ያለዚያ ከቦሌ ወደ አቡሴራ የሚደረገውም ጉዞ አይገባንም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። አየር ከሳሳ ክንፉ አይሮፕላኑን ለማንሣት የበለጠ ፍጥነት ይሻል፤ ሞተሩም የሚሰጠው ጕልበት ይቀንሳል። ስለዚህ አንድ አይሮፕላን ከጅቡቲ ወይም ከካርቱም ሊነሣ ከሚያስፈልገው ይልቅ ከአዲስ አበባ ሲነሣ እጅግ ረዥም ማኰብኰቢያ ያስፈልገዋል፤ ማኰብኰቢያው ካልረዘመለት ደግሞ ጭነቱን ወይም ነዳጁን መቀነስ ግዴታው ነው። ዘመዶቻቸው በዋሺንግተን የሚኖሩ ተማሪዎች ይህን ሳያስተውሉት አይቀሩም፤ የኢትዮጵያ አይሮፕላን ለብዙ ዓመታት ከአዲስ አበባ ወደ ዋሺንግተን ሲሄድ በመንገድ ላይ ወርዶ ነዳጅ ሲጨምር፥ ከዋሺንግተን ሲመለስ ግን አንድ ጊዜ እንኳ ሳያርፍ በቀጥታ ይመጣል። ነፋሱ የራሱ ድርሻ ቢኖረውም ዋናው ምክንያት የምንነሣበት ከፍታ ነው። ደጋ ላይ መቀመጣችን በወባና በሙቀት ያተረፈልንን በነዳጅ ይከፈለዋል።

የቦሌ ሜዳ የተመረጠው እንግዲህ ለዚህ ረዥም ማኰብኰቢያ ነው። በ1955 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ማኰብኰቢያውና የመቈጣጠሪያው ማማ ለሥራ ደረሱ፤ በጥር ወር ጀቱ ወደ ናይሮቢ መደበኛ በረራ ጀመረ። ከአራት ወር በኋላ በግንቦት የአፍሪካ አገሮች መሪዎች በአዲስ አበባ ተሰብስበው ግንቦት 17 ቀን የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ቻርተር ሲፈርሙ፥ ሠላሳ ሁለቱም መንግሥታት በመልክተኞቻቸው አማካይነት የገቡበት በር ቦሌ ነበረ። የአፍሪካ አዳራሽ በ1953 ዓ.ም. ተመርቆ ተጠናቅቆ ይጠብቃቸው ነበር። አዳራሹና ማኰብኰቢያው የአንድ አሳብ ሁለት ጫፎች ናቸው፤ በሁለቱ መካከል ደግሞ መንገድ ያስፈልግ ነበር።

አንድ ጥያቄ ያለ ጥርጥር ይነሣል። አየሩ የሳሳው ከፍታው ነው ካልን፥ ከቦሌ ዝቅ ብላ የምትገኘው ቢሾፍቱ በዚያን ጊዜም ነበረች፤ የአየር ኃይሉም ጣቢያ ከብዙ ዓመት በፊት እዚያው ተመሥርቶ ነበር። መንገደኛው ማረፊያ ለምን ወደዚያ አልሄደም? የእኛ ግምት መልሱ በዚያ አዳራሽ ውስጥ ነው የሚል ነው። ማረፊያው የተሠራው ለአይሮፕላኑ ብቻ አልነበረም፤ እንግዳ ከደረጃው ሲወርድ ከተማዋን በፊቱ እንዲያይ፥ በመኪና ተጭኖም በጥቂት ደቂቃ ከቤተ መንግሥቱና ከአዳራሹ እንዲደርስ ተብሎም ነው። በዚህ ረገድ ቦሌ በሚገባ ተመርጧል። ስሕተት ነበር አንልም። ዋጋ ነበረው ነው የምንለው።

ዋጋው የታየው በመንገዱ ላይ ነው። ባለፈው ዓመት ከሁለት የክፍል ጓደኞቻችን ጋራ ይህንን መንገድ ከመስቀል አደባባይ ጀምሮ በእግራችን ሄድነው። በዝግታ ለሚሄድ ሰው አንድ ሰዓት ተኩል ቢፈጅ ነው። ፍላሚንጎን፥ ኦሎምፒያንና ወሎ ሰፈርን አልፈን የቀለበቱ መንገድ ከሚያቋርጥበት ድልድይ ስንደርስ፥ ከአደባባዩ እስከዚያ ድረስ ባዶ መሬት ያገኘንበት አንድም ቦታ የለም፤ ባንክ፥ ሆቴል፥ ሱቅ፥ ቢሮ፥ ዳግመኛም ባንክ ነው። ድልድዩ ጋ ቆመን ወደ ኋላ በዞርን ጊዜ ከጓደኞቻችን አንዱ፥ «ይህ እኮ የማረፊያው መንገድ አይደለም፤ ማረፊያው ነው የመንገዱ መጨረሻ የሆነው» አለን። የቀልድ አነጋገር ቢሆንም ይህን ጽሑፍ ያስጀመረን እሱ ነው።

እንዲህ የሆነበትን መንገድ እንደሚከተለው ማስረዳት ይቻላል። ለእንግዳ ክብር ተብሎ ሰፊና ቀጥ ያለ አስፋልት ከከተማው ወጥቶ በሜዳ መካከል ይዘረጋል። መብራት፥ ውሃና ስልክ ለማረፊያው ሲባል በዚያው ያልፋሉ። እነዚህ ሁሉ ያሉበት መሬት በቀረው የከተማው ክፍል ከሚገኘው መሬት ሁሉ ለቤት የተመቸ ይሆናል። በመጀመሪያ ባለ ግቢ ቪላ፥ ከዚያ ሆቴል፥ ከዚያ ፎቅ ይመጣል። ማንም ክፉ አላሰበም፤ ማንም ደግሞ አላቀደም። ዛሬ ማረፊያው በሰሜን በሩዋንዳና በገርጂ፥ በምዕራብ በቦሌ ሚካኤል፥ በደቡብ በቡልቡላ ተከቧል። በበረራው መሥመር ሥር ቤት የሠራ ሰው የፎቁ ቍመት ይገደብበታል፤ ማረፊያውም በበኩሉ የሚሰፋበት ሜዳ አጥቷል። ሁለቱ እርስ በርሳቸው ተያዙ ማለት ነው።

ማረፊያውን ለማስፋት የተደረገው ጥረት ግን ትንሽ አይደለም። በ1989 ዓ.ም. በሦስት ክፍል የተከፈለ የማስፋፊያ ዕቅድ ወጣ። ከቀድሞው ማኰብኰቢያ ጎን ሁለተኛ ተጨመረ፤ ዛሬ አንዱ 3,800፥ ሁለተኛው 3,700 ሜትር ይሆናሉ። አዲሱ የመንገደኞች ማስተናገጃ በጥር 1995 ዓ.ም. ተከፈተ። እሱም ብዙ ሳይቈይ ጠበበና በቻይና ኩባንያ እንደገና ተሰፍቶ በ2011 ዓ.ም. ተመረቀ፤ በዓመት 22 ሚሊዮን ያህል መንገደኞች እንዲያስተናግድ ተብሎ ነው። ከ1995 እስከ 2011 ያለው ዐሥራ ስድስት ዓመት ብቻ ነው፤ ለአንድ ትልቅ ሕንፃ ይህ የሕፃንነት ዕድሜ ነው።

የእኛ ነቀፋ በሕንፃው ላይ አይደለም። ሕንፃው ሁለት ጊዜ ሲሰፋ ወደ ሕንፃው የሚወስደው ነገር ምን እንደ ሆነ እንመልከት። የቀለበቱ መንገድ ተሠርቶ በማረፊያው ደጃፍ አለፈ፤ ከመስቀል አደባባይ የሚመጣውም ጎዳና በ2005 ዓ.ም. ገደማ ሰፍቶና ማሳለጫ ተደርጎለት እንደ አዲስ ተሠራ። ሁለቱም መልካም ሥራዎች ናቸው። ነገር ግን ሁለቱም የመኪና መንገዶች ናቸው፤ መኪናውም ወደ ማረፊያው የሚሄድ ብቻ ሳይሆን ወደ ባንኩ፥ ወደ ሆቴሉና ወደ ቡልቡላ የሚሄድም ነው። አንድ የአገር መሪ በመጣ ቀን መንገዱ ሲዘጋ በረራ የሚያመልጠው መንገደኛና ሥራው የሚያልፍበት ሰው በአንድ ሰልፍ ይቆማሉ። ለእንግዳ ክብር የተሠራው ጎዳና እንግዳ በመጣ ቍጥር ለባለቤቱ የሚዘጋ ሆነ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀን የከተማው ባቡር ነው። መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ይህ ባቡር ወደ 34 ኪሎ ሜትር የሚሆን ሐዲድ አለው፤ አንዱ መሥመር ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች፥ ሁለተኛው ከምኒልክ አደባባይ እስከ ቃሊቲ። ከሁለቱ አንዱም ቦሌ ማረፊያ አይደርስም። በልደታ ግን ያልፋል፤ ጣቢያም አለው! በታክሲ ረዳቶች ዘንድ ዛሬም «ኦልድ ኤርፖርት» ተብሎ ከሚጠራው ሰፈር አቅራቢያ ባቡር የሚያገኝ ሰው፥ ወደ አዲሱ ኤርፖርት ግን ሻንጣውን በሚኒባስ ተሸክሞ መሄድ አለበት። የባቡሩ መሥመር የተቀየሰው ሠራተኛውን ከመኖሪያው ወደ መርካቶና ወደ መሐል ከተማ ለማድረስ ነው፤ ይህም ተገቢ ነው የሚል ሰው ቢኖር አንቃወመውም። ነገር ግን በማረፊያው ውስጥ ሌሊትና ቀን የሚሠሩት በብዙ ሺህ የሚቈጠሩት ጽዳቶች፥ ጫኞች፥ መካኒኮችና አስተናጋጆችም ሠራተኞች ናቸው። ማረፊያ ሲታሰብ ሁልጊዜ በዓይናችን ፊት የሚመጣው መንገደኛው ነው፤ መንገደኛው ግን በዓመት አንድ ጊዜ ቢመጣ ሠራተኛው በየቀኑ ይመጣል። አቃቂ ከባቡሩ መሥመር ላይ እንደ ነበረች ከላይ ማስታወሳችን ለዚህ ነው። ከዚያ ወዲህ የተሠሩት ሁለት ማረፊያዎች ሐዲድ አላገኙም።

እንግዲህ ወደ አቡሴራ እንምጣ። አቡሴራ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በቢሾፍቱ አጠገብ የሚገኝ ሜዳ ነው። አየር መንገዱ በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ዳር አል ሐንዳሳ ከተባለው አማካሪ ኩባንያ ጋራ የንድፍ ውል ተፈራረመ፤ ጥር 2 ቀን 2018 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ተቀመጠ። በዚያን ዕለት እንደ ተገለጸው ወጪው 12.5 ቢሊዮን የአሜሪካ ዶላር ነው፤ አራት ማኰብኰቢያዎች ይኖሩታል፤ 270 አይሮፕላን ማቆሚያ ይኖረዋል፤ ሲጠናቀቅ በዓመት እስከ 110 ሚሊዮን መንገደኛ፥ በመጀመሪያው ክፍል ደግሞ 60 ሚሊዮን ያስተናግዳል ተብሏል። የአፍሪካ ልማት ባንክ ገንዘቡን በማሰባሰብ ረገድ መሪነቱን ይዟል። ቦታው ከቦሌ 400 ሜትር ያህል ዝቅ ስለሚል አይሮፕላኑ ብዙ ጭነትና ነዳጅ ይዞ ሊነሣ ይችላል። በ1955 ዓ.ም. ለእንግዳ ቅርበት ሲባል የተተወው ዝቅተኛ ሜዳ፥ ከስድሳ ዓመት በኋላ ተፈልጎ ተገኘ ማለት ነው።

ከማኰብኰቢያው አንጻር ዕቅዱን የሚነቅፍ ሰው ያለ አይመስለንም። የእኛ ጥያቄ አሁንም በመካከል ባለው አርባ ኪሎ ሜትር ላይ ነው። በዚህ ረገድ ያለፈው ትውልድ ያላገኘውን ዕድል አግኝተናል። ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ የሚሄደው የፍጥነት መንገድ ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። የጅቡቲው አዲስ ባቡርም በ2009 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ቢሾፍቱ ላይ ጣቢያ አለው። ቦሌንና አዲሱን ማረፊያ በፈጣን ባቡር ለማገናኘትም መታሰቡ ተነግሯል። ሐዲዱ በዕቅዱ ውስጥ ከመጀመሪያው መግባቱ ከቦሌ የተገኘ ትልቅ ትምህርት ነው፤ ይህን ሳናመሰግን ማለፍ አንወድም።

ነገር ግን የጅቡቲው ባቡር ራሱ ሌላ ነገር ያስተምረናል። የቀድሞው ባቡር ለገሐር ድረስ፥ ማለት እስከ ከተማው ልብ ይመጣ ነበር። አዲሱ ግን ፉሪ ለቡ ላይ፥ ከከተማው ዳር ይቆማል፤ ወደ ድሬዳዋ የሚሄድ ሰው ገና ጎሕ ሳይቀድ ጣቢያው ለመድረስ ከባቡሩ ዋጋ የሚበልጥ ለታክሲ ሲከፍል አይተናል፤ እኛም ከፍለናል። ሐዲድ መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ ሐዲዱ የሚጀምርበት ቦታ ሕዝቡ ያለበት ካልሆነ እንዲያው ሌላ መንገድ ያስፈልገዋል። የአዲሱ ማረፊያ ባቡር ከቦሌ የሚነሣ ከሆነ፥ አስቀድሞ ቦሌ የሚደርስበት ሐዲድ የሌለው ከተማ መንገደኛውን በዚያው በተጨናነቀው ጎዳና አሳልፎ ወደ ባቡሩ ሊልከው ነው። የከተማው ባቡር ወደ ቦሌ የሚደረግ አንድ ቅርንጫፍ ቢጨመርለት፥ ከአራቱ ማኰብኰቢያዎች ከአንዱ ያላነሰ ጥቅም ይሰጣል ብለን እናምናለን።

ሁለተኛው ነገር መሬቱ ነው። ቢሾፍቱ የአድአ አገር ናት፤ የአድአን ጤፍ የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው የለም። በማረፊያው ክልል ውስጥ ያሉ ገበሬዎች ለሥራው ሲባል ከቦታቸው እንዲነሡ ተደርጓል፤ ስለ ካሣና ስለ አዲስ መኖሪያ ብዙ ተነግሯል፤ መነገሩም ተገቢ ነው። ሆኖም የቦሌ ታሪክ የሚያሳየን ከማረፊያው አጥር ውስጥ የሚነሣው ገበሬ የመጀመሪያው ብቻ እንጂ የመጨረሻው እንዳልሆነ ነው። ካርታ ላይ ተሠምሮ፥ ተቈጥሮ፥ ካሣ የሚሰላለት በአጥሩ ውስጥ ያለው ነው። በመንገዱ ዳር ያለው ግን በማንም ዕቅድ ውስጥ አይገኝም፤ እሱ የሚነሣው በየዓመቱ ጥቂት በጥቂት፥ አንዱ ለመጋዘን፥ ሌላው ለሆቴል፥ ሦስተኛው ለቤት ሲሸጥና ሲሰጥ ነው። ቦሌን ለመሥራት ስንት ጋሻ መሬት እንደ ተወሰደ መዝገብ ፈልጎ ማግኘት ይቻል ይሆናል፤ በቦሌ መንገድ ምክንያት ከእርሻ የወጣውን መሬት የመዘገበ ግን ማን አለ?

ስለዚህ እኛ የምናቀርበው አሳብ የሚከተለው ነው። የማረፊያው አጥር በሚከለልበት ጊዜ ከመንገዱና ከሐዲዱ በሁለቱም ወገን ያለው መሬት አብሮ ይከለል፤ በየት በየት ከተማ እንደሚሠራ፥ በየት በየት ደግሞ ጤፍ እንደሚዘራ ይወሰን፤ በበረራው መሥመር ሥር ያለው ሜዳ ቤት ሳይሠራበት አሁኑኑ ለእርሻ ይጠበቅ። ለእርሻ የተጠበቀ መሬት ለአይሮፕላንም መልካም ጎረቤት ነው፤ ጤፍ ፎቅ አይሠራም፥ በጩኸቱም አይማረርም። አንዳንድ ጓደኞቻችን ይህን ባነበብንላቸው ጊዜ፥ ከተማን በወረቀት ማቆም አይቻልም ብለው ተከራከሩን። ምናልባት ልክ ናቸው። ቢሆንም በቦሌ ላይ ወረቀቱ ራሱ አልተሞከረም።

በጊዜውም ላይ አንድ ነገር እንጨምር። የመጀመሪያው ክፍል በሚቀጥሉት ጥቂት ዓመታት ይጠናቀቃል ተብሎ ይጠበቃል፤ ከተማው ግን እስከዚያ አይጠብቅም። በቱሉ ዲምቱ በኩል ወጥቶ በአሮጌው የቢሾፍቱ መንገድ የሚሄድ ሰው ገላንና ዱከም ላይ ፋብሪካው፥ መጋዘኑና መኖሪያው መንገዱን በሁለት ወገን ይዞ ሲሄድ ያያል። በመካከል አሁንም ማሳ አለ። በኅዳር ወር በዚያ ባለፍን ጊዜ ጤፉ ደርሶ ነበር፤ ከመንገዱ ዳር ካለው ማሳ ጫፍ ላይ ግን «የሚሸጥ ቦታ» የሚል ጽሑፍና የስልክ ቍጥር በእንጨት ላይ ተሰክቶ አየን።